የቍጠባ ልክ፥ የደስታ ቀን

በኢትዮጵያ ገንዘብን ስለ ማከማቸትና ስለ መብላት የሚነገረው ነገር ሁሉ ከሁለት አንዱን የሚደግፍ ነው። አንዱ ወገን «ለክፉ ቀን» እያለ ይሰበስባል፤ ሁለተኛው ወገን «ነገን ማን አየው» እያለ ይበትናል። ሁለቱም ቃል ከሕዝብ አፍ የተገኘ፥ በየራሱም እውነት ያለበት ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው ሲከራከሩ አንዱ ሌላውን ሊረታው አይችልም። ነገሩን በውል ለመረመረ ሰው ግን፥ ክርክሩ ሳይፈታ የሚቀረው ሁለቱም አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሚጠይቁ ነው። ጥያቄአቸውም «ስንት?» የሚል ነው። «ለማን?» እና «እስከ መቼ?» የሚሉት ሁለቱ ጥያቄዎች ግን ሳይነሡ ይቀራሉ። የቍጠባም ሆነ የደስታ ልክ የሚታወቀው ደግሞ በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ጎልቶ ይታያል። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ የሚገኙ ናቸው። እነዚህ አገሮች የቤት ኪራይ የከበደው የከተማ ሰው የሚጠጋባቸው ሆነው፥ በ2015 ዓ.ም. ሸገር በተባለ አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ከአዲስ አበባ ወደ እነርሱ የሚወጣው ሰው አብዛኛው የሚወጣው ገንዘብ ለማዳን ነው። ኪራይ ይቀልልኛል፥ ቦታ አገኛለሁ፥ ውሎ አድሮም ቤት እሠራለሁ ብሎ ይወጣል። በገንዘብ ያዳነውን ግን ሌሊት ተነሥቶ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፥ ማታም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ገብቶ፥ በዕድሜው ይከፍለዋል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ቍጠባ የኪስ ነገር ብቻ ሳይሆን የኑሮ ሁሉ ነገር ሆኗል።

በቡራዩ የሚኖርና በአዲስ አበባ በጽሕፈት ሥራ የሚተዳደር አንድ ሰው ነበረ። ሚስት አግብቶ ሁለት ልጆች ከወለደ በኋላ፥ ቤት ሳልሠራ አላርፍም ብሎ ቈረጠ። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት የሚቈጥቡ ሰዎች ሲመዘገቡ እርሱም ተመዘገበ፤ በየወሩም ሳያቋርጥ ከፈለ። ዕጣው ሳይወጣለት ዓመታት ባለፉ ጊዜ፥ በቡራዩ ትንሽ ቦታ አግኝቶ ብሎኬት በብሎኬት ላይ እየደረበ መሥራት ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ይህን ሰው የሚነቅፈው የለም፤ ሰካራም አልነበረም፥ የሰው ዕዳም አልነበረበትም። ነገር ግን ለቤቱ ሲል የሚያስቀረው ነገር እየበዛ ሄደ። አስቀድሞ ሥጋን በበዓል ቀን ብቻ አደረገው፤ ቀጥሎ ከበዓሉም አስቀረው። የሚካኤል ማኅበር ተራው በደረሰ ጊዜ «ቤቱ ሲያልቅ» ብሎ ለሌላ አሳለፈ፤ ኋላም ከማኅበሩ ወጣ። ሚስቱ ወንድሟን ለመጠየቅ ወደ አገሯ ልሂድ ባለችው ጊዜ «ቤቱ ሲያልቅ» አላት። ልጆቹም ይህን ቃል ከመልመዳቸው የተነሣ፥ ጐረቤት ብርቱካን ሲሰጣቸው «ቤታችን አለቀ እንዴ?» ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ።

ቤቱም አለቀ። ሳሎኑ ውስጥ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ገባ፤ በውስጡም ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተቀባ አሥራ ሁለት ሲኒዎች ተደረደሩ። ሶፋው ከመደብር ሲመጣ የለበሰው ላስቲክ እንደ ለበሰ ቀረ። የሰውዬው እናት የልጃቸውን ቤት ለማየት ከገጠር መጡና ቡና ተፈላላቸው፤ ቡናው የቀረበላቸው ግን ጠርዙ በተሸረፈው በዱሮው ሲኒ ነበር። እናቲቱ ሦስተኛውን ከጠጡ በኋላ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመልክተው «ልጄ፥ እነዚያ የተቀመጡት ለማን ናቸው?» ብለው ጠየቁት። «ለእንግዳ ነው እማዬ» አላቸው። እርሳቸውም «እግዜር ይባርክልህ» ብለው ዝም አሉ። ዓመት ሳይሞላ በአገራቸው ሞቱ። ልጃቸው ከቀብር ተመልሶ በቡራዩ ለቅሶ በተቀመጠ ጊዜ፥ የዕድሩ ሰዎች ብዙ ስለ ነበሩ ሲኒ አነሰ። ሚስቱ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ባለ ወርቅ ጠርዙን አወጣች። አሥራ ሁለቱ ሲኒዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና የተቀዳባቸው ያን ቀን ነው።

ይህን ሰው ንፉግ ነበር ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ለእናቱ ደም ቢጠየቅ ደሙን ይሰጥ ነበር። የጐደለው ፍቅር አይደለም፤ የተቀጠረ ቀን ነው። ለዓመታት ማስቀረትን የለመደች እጅ፥ የምትፈታበት ቀን አስቀድሞ ስላልተቈረጠላት፥ ቤቱ ሲያልቅ መፈታት አቃታት። መጀመሪያ «እስከ መቼ?» ሳይባል ቀረ፤ ኋላም «ለማን?» የሚለውን እናቲቱ ሲጠይቁ፥ ለጊዜው ስም የሌለው እንግዳ ተጠራ።

የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅን ለተማሪ ሲያስረዱ የአንጥረኛን ሥራ ያመለክታሉ። አንጥረኛ አስቀድሞ ሰሙን በሚፈልገው መልክ ያበጀዋል፤ በጭቃም ይለብጠዋል፤ ቀጥሎ በእሳት አቅልጦ ያወጣውና ወርቁን በባዶው ስፍራ ያፈስሰዋል። ሰሙ ባይበጅ ወርቁ መልክ አያገኝም፤ ሰሙ ባይቀልጥም ወርቁ ስፍራ አያገኝም። ቍጠባ እንደ ሰሙ ነው። የቡራዩው ሰው ሰሙን አሳምሮ አበጀው፤ ማቅለጡን ግን ፈራ።

በሰበታ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ታየ። ሰበታ ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ናት፤ ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን የሥጋ ቤቱና የመጠጥ ቤቱ መብራት ይደምቃል፥ ወሩ ሲጋመስ የባለ ሱቁ የዱቤ መዝገብ ይወፍራል። በዚያ የሚሠራ አንድ ወጣት ሠርጉ ከባልንጀሮቹ ሠርግ እንዳያንስ ብሎ ከዘመድም ከባዕድም ተበደረ። አዳራሽ ተከራየ፤ የሙሽራ መኪናዎች ተሰለፉ፤ ሰንጋ ተጣለ፤ እንግዳውም «እንዲህ ያለ ሠርግ አልታየም» ብሎ መረቀው። በዓመቱ የበኵር ልጁ ታመመበት። ሐኪም መድኀኒት ባዘዘለት ጊዜ፥ ያ ሁሉ ሰው ካበላው እጅ የመድኀኒት ዋጋ አልተገኘም። ሚስቱ የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ሰጠችውና ወርቅ ቤት ወስዶ ሸጠው። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ፤ ሠርጉም የቀረለት በፎቶግራፍ ብቻ ሆነ። ያን ቀን ወጣቱ የተረዳው ነገር፥ በሠርጉ የተበላው የራሱ እንዳልነበረና ገና ካልመጡት ወራት ተበድሮ ያበላው እንደ ነበረ ነው። ቡራዩ ላይ ነገ ዛሬን በላው፤ ሰበታ ላይ ዛሬ ነገን በላው።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ለዚህ ነገር መልስ አዘጋጅቶ ይገኛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ ያለው በዓለ ኀምሳ ደግሞ 50 ቀን ነው፤ በዚህም ጊዜ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ለተመለከተ ሰው፥ ቤተ ክርስቲያን መከልከልን የምታስተምረውን ያህል መፈታትንም እንደምታስተምር ይገባዋል። ጾሙ ሲጀመር የሚፈታበት ቀን አብሮ ይታወቃል። አንድ ምእመን «እኔ ጾምን ስለ ወደድሁ በፋሲካም እጾማለሁ» ቢል፥ ሥርዐት አፈረሰ ይባላል እንጂ ጻድቅ አይባልም። በገንዘብ ግን በፋሲካም የሚጾመው ሰው ብዙ ነው፤ ዘመዶቹም ብልኅ እያሉ ያመሰግኑታል።

በጾም የተረፈውም ለማን እንደ ሆነ አባቶች ሳይናገሩ አልተዉትም። ወደ ግእዝ ተተርጕሞ በኢትዮጵያ ተጠብቆ የኖረው የሄርማስ መጽሐፍ፥ ጾመኛ በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፥ ለሙት ልጅና ለችግረኛ እንዲሰጥ ይመክራል። ስለዚህ ከጾመኛው አፍ የቀረው ወደ ጾመኛው ኪስ ተመልሶ ቢገባ፥ ሆድ ጾመ እንጂ እጅ አልጾመም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ሲመረመሩ የሚያዝዙት ሁሉን ማስቀረት አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት የራብ ዓመታት እንደሚመጡ አውቆ ሳለ፥ በጥጋቡ ዘመን ከምድሩ ፍሬ እንዲሰበሰብ ያሰበው አምስተኛው እጅ ነው። ሰባት ዓመት የሚቈይ ራብ በዐይኑ ፊት የተገለጠለት ሰው እንኳ አራቱን እጅ ለሕዝቡ ኑሮ ተወው። በኦሪት ዘዳግም በ14ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ሥርዐት ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ሰው ከእህሉ ዐሥራት አውጥቶ፥ መንገዱ ቢርቅበት ወደ ገንዘብ ለውጦ በእጁ ቋጥሮ፥ ወደ ተመረጠው ስፍራ ሄዶ፥ በሬም ቢሆን በግም ቢሆን ወይንም ቢሆን ነፍሱ የወደደችውን ገዝቶ ከቤተ ሰቡ ጋር እንዲበላና እንዲደሰት ታዘዘ፤ ርስት የሌለውን ሌዋዊም እንዳይረሳ ተነገረው። በየሦስተኛውም ዓመት ያ ዐሥራት ለሌዋዊው፥ ለመጻተኛው፥ ለሙት ልጅና ለመበለቲቱ ሆነ። እንግዲህ በዚያ ሕግ ደስታ ራሱ የተቈጠበለት ነገር ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ ተቋጥሯል፤ ቀኑና ስፍራው ታውቋል፤ እንግዳውም ተጠርቷል። ዕዳ የለበትም፥ ንፍገትም የለበትም።

በወንጌለ ዮሐንስም ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ያው ጌታ ማርያም ዋጋው ብዙ የሆነ ሽቱ በእግሩ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ፥ «ይህ ለሦስት መቶ ዲናር ተሽጦ ለድኆች ቢሰጥ ኖሮ» ብሎ የነቀፋትን ይሁዳን ገሥጾ እርሷን ደገፈ። ፍርፋሪ እንዳይጣል የሚጠነቀቅ፥ ሽቱ ሲፈስስ ግን የማይቈጭ፥ ይህ ነው የክርስቲያን ቤት ልክ።

ሁሉን ለነገ ማሳደር የማያስተማምን መሆኑን ደግሞ የገንዘብ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ቀድሞ ሰው የማርያ ትሬዛ ብሩን በእንስራ አድርጎ ይቀብር ነበር፤ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ከተከፈተ በኋላም ብዙው ሰው ከባንኩ ይልቅ ምድርን ያምን ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የከተማ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለእርጅናችን ብለው የሚከራይ ቤት የሠሩ ሰዎች ሀብታቸውን ባንድ ቀን አጡ። በ1969 ዓ.ም. የብር ኖት ተለወጠ። በ1985 ዓ.ም. የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. እንደ ገና አዲስ ኖት ሲወጣ፥ ብሩን በፍራሽና በሣጥን ያኖረ ሁሉ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ወደ ባንክ ይዞ እንዲሄድ ግድ ሆነበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው «እንግዲያስ መቈጠብ ከንቱ ነው» ቢል ተሳሳተ። የሚቈጥብ ሰው ባንድ ማሰሮ ብቻ አያኑር ማለት ነው እንጂ። ከፊሉ በባንክ፥ ከፊሉ በዕቁብ፥ ከፊሉ በልጅ ትምህርት፥ ከፊሉም በሰው ልብ ይቀመጣል። ለጐረቤት የተቈረሰ እንጀራ በምንዛሪ ምክንያት ዋጋው አይወርድም፤ ኖት ሲለወጥም አብሮ አይሻርም።

ይህን ሳይማሩ የሚያውቁት ሰዎች አሉ። ሱሉልታ ብርዱ የሚበረታ፥ ሣርና ወተት የሚገኝባት አገር ናት። በዚያ የሚኖሩ አንዲት መበለት አራት ላሞች አሏቸው፤ ሦስት ልጆችም ያሳድጋሉ። በጾም ወራት የከተማው ወተት ፈላጊ ሲቀንስባቸው፥ ወተቱን ይንጡና ቅቤውን ያኖሩታል፤ ፋሲካ ሲቃረብና ቅቤ ሲወደድ ይሸጡታል። ከሚያገኙት ገንዘብ አስቀድመው የመኖውን ዋጋ ያነሣሉ፤ ቀጥለው በየሳምንቱ ዕቁብ ይጥላሉ፤ ዕጣው ሲደርሳቸውም የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ ይከፍሉበታል። ከዚህ ሌላ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ አለቻቸው። በጣሳዋ የሚጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ ወር በገባ በ21 ለእመቤታችን ዝክር፥ በዓመት በዓልም ለዶሮና ለልጆቹ ልብስ ነው እንጂ ለሌላ አይነካም።

አንድ ቀን የንስሓ አባታቸው ጣሳዋን አይተው «ልጄ፥ አንቺ መበለት ነሽ፤ እመቤታችን ችግርሽን ታውቃለች። ዝክሩን ትተሽ ይህንንም ወደ ዕቁቡ ብትጨምሪው አይሻልም?» አሏቸው። ሴትዮዋም «አባቴ፥ ላሟን እስከ መጨረሻው ጠብታ ካለብኋት ጥጃው ይሞትብኛል፤ ጭራሽ ሳላልባት ከተውኋት ደግሞ ጡቷ ያብጣል፥ ወተቱም ይበላሻል። ለጥጃው ምን ያህል እንደምተውለት እጄ ያውቃል፤ ብሩንም እንደዚያው ነው የማደርገው» ብለው መለሱ። ጥቂት ዝም ብለውም «ደግሞስ አባቴ፥ በዚያች ቀን የሚመጡት ጐረቤቶቼ ናቸው፤ ስታመም ላሞቼን የሚያልቡልኝ እነርሱ ናቸው» አሉ። ካህኑ ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ በሚመጣው ወር በ21 ቀን ግን ከዝክሩ ተገኝተው ጠበሉን ጸዲቁን ባረኩ።

የሴትዮዋ ነገር ለባለ ብዙ ገንዘብም ለባለ ጥቂት ገንዘብም ይሆናል። የሚቈጠበው ገንዘብ የሚቈጠብለት ነገርና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፤ ቀን የሌለው ቍጠባ ፍርሃት ነውና። ለደስታ የሚሆነውም ድርሻ እንደ ኪራይና እንደ ዕዳ አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ያልተቀመጠለት ደስታ ወይ በብድር ይመጣል፥ ወይ ጨርሶ አይመጣም። ከሁለቱም ደጅ ላይ የሚቆም እንግዳ አይረሳ፤ እንግዳ የሌለበት ማዕድ ቢበዛም መኖ ነው።

በዚህ ነገር የካህናትም ድርሻ አለበት። ለሟች ተዝካር ብሎ የሚበደረውን ቤተ ሰብ «አቅምህን አትለፍ» ብሎ መመለስ፥ ትንሿን ዝክር ከትልቁ ድግስ ባላነሰ ክብር መባረክ፥ ጾምን የሚያውጅ አፍ በዓሉንም በሙሉ ድምፅ እንዲያውጅ ማድረግ የእረኛ ሥራ ነው። ምእመኑን ስለ ንስሓው የሚጠይቁት አባት፥ ስለ ጾሙና ስለ ምጽዋቱ ከጠየቁት በኋላ «ልጄ፥ ከቤተ ሰብህ ጋር ተቀምጠህ ደስ ብሎህ የበላኸው መቼ ነው?» ብለው ቢጨምሩ፥ ብዙ የተቈለፈ ቁም ሣጥን ይከፈታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የቤቱን መሠረት የሚያስቈፍር ሰው በዚያው ቀን እናቱን የሚጠራበትን ቀን ይቍረጥ፤ ቤቱ ባያልቅም ቀኑ አይለወጥ። ግድግዳው ለሚመጣው ዓመት ይቈያል፤ የእናት ዕድሜ ግን በብሎኬት አይደረብም።